ሚዛን ያልለየው

ውባንች ወደ ቆላ የወረደችው ለአንድ መኸር ብላ ነበር። ከጎጃም፣ ከመንደሯ ሴቶች ጋር ሰሊጥ ልታጭድ መጥታ በመተማ፣ ኮኪት በምትባል ትንሽ ከተማ ቀረች። ያስቀራት ይርዳው ነው። ይርዳው የወሎ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ እንደሌላው ሁሉ በየመኸሩ ለጉልበት ሥራ ይመላለስ ነበር፣ ኋላ ትራክተር መንዳት ለምዶ የአንድ ባለሀብት እርሻ ቋሚ ሹፌር ሆነ። ዝምተኛ ሰው ነው። ተጋብተው በሳር የተከደነች አንዲት ክፍል ቤት ሠሩ፣ ደጃፏ ላይ ለጥላ የምትሆን ራኩባ አቆሙ። እፀገነት እዚያ ተወለደች።

እፀገነት የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ መንገድ የምትሮጥ ልጅ ነበረች። ትራክተር ሁሉ የአባቷ ይመስላታል። የሌላ ሰው ትራክተር ሲያልፍ እጇን ታወዛውዛለች፣ ሹፌሮቹም ለምደዋት ጡሩምባ ይነፉላት ነበር። እናቷ የጎጃም፣ አባቷ የወሎ፣ ጎረቤቶቿ ደግሞ የመተማ ሰዎች ስለሆኑ አነጋገሯ ከየትም ያልሆነ፣ የራሷ ብቻ ነበር።

አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ኅዳር ላይ ሳል ያዛት። ጊዜው የሰሊጡ ነዶ የሚራገፍበት ነው፤ አቧራው ከማሳው ተነስቶ መንደሩን ያለብሰዋል። ይርዳው እርሻው ላይ ሰፍሮ ነበር። ውባንች ልጇን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ወባ እንዳልሆነ፣ ሳንባዋም ደህና እንደሆነ ነገሯት፤ የሳል መድኃኒት ግን አልነበራቸውም። በዚያ ሰሞን በጸጥታው ምክንያት የጎንደር መንገድ ይከፈትና ይዘጋ ስለነበር መድኃኒት እንደ ልብ አይመጣም። ስለዚህ በማግስቱ በሚኒባስ ወደ መተማ ዮሐንስ ይዛት ሄደች።

እዚያ አብዱልሀኪም የሚባሉ መድኃኒት ሻጭ አሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ለረጅም ዘመን ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ነው መድኃኒት ቤቱን የከፈቱት። ከሱዳኗ ገላባት ተሻግሮ የሚመጣውን በዐረብኛ፣ ከደጋ የወረደውን በአማርኛ ያናግሩታል፤ ሁሉም ያምናቸዋል። የእፀገነትን ጉሮሮ አዩ፣ ጆሯቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገው ትንፋሿን አዳመጡ። ከዚያ አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ አወረዱ። ሁልጊዜ የሚሸጡት ዓይነት ስላለቀ አንድ አከፋፋይ በቅርቡ ያመጣላቸው ሌላ ነበር። እሽጉ አልተነካም፣ ጊዜውም አላለፈም። ጠዋት አንድ ትንሽ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ትንሽ ማንኪያ ብለው ማንኪያውን አስይዘው አሳዩዋት።

ቤት ሲደርሱ እኩለ ቀን ነበር። ልጅቷ መንገዱን ሁሉ ስትስል ስለመጣች ውባንች እስከ ማታ መጠበቅ አልፈለገችም። ራኩባው ሥር አስቀምጣ አንድ ማንኪያ ሰጠቻት። እፀገነት ጣዕሙን ጠላችው፤ ግማሹን ቀሚሷ ላይ ተፋችው። ውባንች በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላትና እንደገና ቀድታ አጎረሰቻት። ጥቂት ቆይቶ ሳሉ ቆመ። ልጅቷ አንገረቡ ላይ፣ የገመድ አልጋው ላይ ተኛች። ውባንች ደስ አላት። ስንት ቀን ያልተኛች ልጅ ናትና ትተኛልኝ ብላ ልብስ ማጠብ ጀመረች። አንዲት ጎረቤት መጥታ ስታወራ እንኳ ድምፅሽን ቀንሽ አለቻት።

ልብሱን አስጥታ ስትመለስ እፀገነት እንደተኛች ናት። ስትነካት አልነቃችም። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ትንፋሿ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ጠፍቶ ይቆያል። ውባንች አቅፋት እየጮኸች ወጣች፤ አንድ ባጃጅ ነጂ የያዘውን ሰው አስወርዶ ጫናቸው። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ልጅቷ አልፋ ነበር።

ይርዳው ሲመጣ አላለቀሰም። ከቀብሩ በኋላ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ምን ያህል መድኃኒት እንደሰጠቻት ጠየቃት። አንድ ማንኪያ፣ ግማሹን ስለተፋችው ደግሞ ሌላ አንድ፣ አለችው። ከዚህ ሌላ አልጠየቀም። በዚያው ሰሞን ፖሊሶች የአብዱልሀኪምን መድኃኒት ቤት አሽገው እሳቸውን ያዟቸው። ጠርሙሱም ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

ጠርሙሱ የደረሰበት ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ኢኽላስ የምትባል ኬሚስት ነበረች። የመተማ ልጅ ናት። እናቷ መጂዳ እስካሁን በመተማ ዮሐንስ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ሱቋ ከአብዱልሀኪም መድኃኒት ቤት ጎን ነው። ኢኽላስ አብዱልሀኪምን ከልጅነቷ ጀምራ፣ በድንበሩ ልማድ፣ ዓሚ ትላቸው ነበር፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ሻጩን እንደምታውቃቸው ለአለቃዋ ነገረችው። አለቃዋ ሥራው የመሣሪያ ነው፣ መሣሪያ ዘመድ አያውቅም ብሎ እንድትቀጥል አደረጋት፤ ለጥንቃቄም ሌላ ባልደረባ አብሯት እንዲያይ አዘዘ።

መሣሪያው ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል። ሥራው መመዘን ነው። ሞለኪውሎችን ኤሌክትሪክ ያሸክምና አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ አስወንጭፎ የእያንዳንዱን ክብደት ያነባል። ከዚያ ሰባብሮ የስብርባሪዎቹንም ክብደት ያነባል፤ እንዲህ እያደረገ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ነገር ማንነት ይናገራል። ኢኽላስ ሽሮፑ ውስጥ መርዝ ፈለገች፣ አላገኘችም። በሌሎች አገሮች ሕፃናትን የፈጁትን መጥፎ አልኮሎች ፈለገች፣ የሉም። ያገኘችው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ነው፤ ዴክስትሮሜቶርፋን፣ ለደረቅ ሳል በየአገሩ የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት። ክብደቱ ልክ ነው፣ ስብርባሪውም ልክ ነው፣ መጠኑም ልክ ነው። ባልደረባዋም ያንኑ አገኘ። ውጤቱን ስታሳውቅ ስለ ዓሚ አብዱልሀኪም ልቧ ቀለል አለ። የሞተችውን ልጅ እናት አስባት አታውቅም ማለት አይቻልም፤ ግን ስሟን እንኳ አታውቅም ነበር።

አብዱልሀኪም ተፈቱ። ኮኪት ላይ ደግሞ የጤና ባለሙያው ውባንችንና ይርዳውን አስጠርቶ መድኃኒቱ ንጹሕ እንደሆነ ነገራቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቃላቱን እየመረጠ ነው የተናገረው። እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው ብዙ ሲሰጥ ነው፣ እናት ስትጨነቅ ትሳሳታለች፣ ማንም አይፈርድብሽም አላት። ውባንች ይርዳውን አየችው። ይርዳው መሬት መሬት ያይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው ቤታቸው ገባ። ይርዳው አይጮህም፣ አይማታም። ሲበሉ፣ ውኃ ስትቀዳለት፣ ሊወጣ ጫማውን ሲያጠልቅ ይጠይቃታል። ስንት ማንኪያ ነበር? እሷ የነበረውን ትነግረዋለች። ዝም ይላል። በማግስቱ ደግሞ ይጠይቃል። ጎረቤቶችም ጠርሙሱ ጎድሎ እንደነበር ያወሩ ጀመር። አብዱልሀኪም ራሳቸው መተማ ላይ ለጠየቃቸው ሁሉ አንድ ማንኪያ ብዬ አሳይቻት ነበር ይሉ ነበር፤ እውነት ነው፣ ብለዋት ነበር።

ውባንች ያንን ቀን በሐሳቧ ደጋግማ ማየት ጀመረች። ልጅቷ የተፋችው ግማሹን ነው ወይስ ትንሹን? ማንኪያው ሙሉ ነበር ወይስ ሞልቶ ይፈስ ነበር? ከልብስ አጠባው በፊት ደግሞ ተመልሳ አልሰጠቻትም? ደጋግማ ባየችው ቁጥር አንድ ነገር ይጨመርበታል። አንድ ቀን ይርዳው ሲጠይቃት፣ ሦስት፣ አለችው። ሦስት ነው መሰለኝ። ይርዳው ራሱን ነቀነቀ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያን ዕለት ደህና ምሳ በልቶ አያውቅም ነበር። በሳምንቱ ሌላ እርሻ ላይ ሥራ አገኘሁ ብሎ ልብሱን ሸክፎ ወደ ሽንፋ ሄደ፤ አልተመለሰም።

እሷም ለንስሐ አባቷ ልጄን ገደልኩ ብላ ተናዘዘች። ቀኖና ሰጧት፤ ጾመች፣ ሰገደች። ቤቷን ዘግታ ኮኪት መንገድ ዳር ለሹፌሮች ምግብ የምታበስል የሻረግ የምትባል ሴት ዘንድ ሥራ ገባች። እዚያው ታድራለች። የትራክተር ድምፅ ሲመጣ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሽሮፑ ግን ወደ መደርደሪያው ተመልሶ ነበር።

ሚያዝያ ላይ መጂዳ ለልጇ ደወለችላት። የአብዱልሀኪም ልጅ ሁሪያ፣ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ ሕፃን ልጇን ይዛ ከገዳሪፍ ወደ አባቷ ቤት መጥታ ነበር። ልጁ ኡመይር ይባላል። ሳል ይዞት አያቱ በእጃቸው ሽሮፕ ሰጡት፤ ከሱቃቸው መደርደሪያ፣ ላቦራቶሪ ደህና ነው ካለው ሽሮፕ። ሆስፒታል ደርሶ ነበር፤ ሊያተርፉት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ያን ቀን አስር ሰዓት ላይ ተቀበረ።

ኢኽላስ ስልኩን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። እናቷ እያለቀሰች ሐኪሙ ያለውን ነገረቻት፤ የልጁ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ ነበር፣ ሐሺሽ ያጨሰ ሰው ይመስል።

«ሐሺሽ ነው ያለው?» አለች ኢኽላስ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። ሞርፊን ነው ምን ነው ያለው እንጃ። ሞርፊን የሰጠው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።»

አብዱልሀኪም መጠን የሚሳሳቱ ሰው አይደሉም። በልጅነቷ የሳቸውን እጅ አይታዋለች፤ ለሕፃን መድኃኒት ሲቀዱ ዓይናቸውን ከጠርሙሱ ጋር አስተካክለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የማንኪያው አልነበረም። የማንኪያው ካልነበረ ደግሞ የኮኪቷ ሴትም አልተሳሳተችም። ሞርፊን የሚለውን ቃል ይዛ ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ ነገሩ ምን እንደሆነ ገና ሳትቀመጥ ገባት፤ ተማሪ ቤት ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ የምታውቀው ነገር ነበር።

አንዳንድ ሞለኪውል እንደ ሰው እጅ ቀኝና ግራ አለው። ሁለቱ እጆች ጣታቸው እኩል ነው፣ ክብደታቸው እኩል ነው፤ አንዱ የሌላው የመስታወት መልክ ነው። ግን የቀኙ ጓንት ለግራው አይሆንም። የሳሉ መድኃኒት ቀኙ ነው፤ ሳል ያበርዳል፣ በልኩ ሲሰጥ ጉዳት የለውም። ግራው ሌቮሜቶርፋን ይባላል። እሱ የሞርፊን ዘመድ ነው፤ ሕፃንን ያስተኛል፣ ከዚያም መተንፈስ ያስረሳዋል። ፋብሪካው ጠንቅቆ ካልለያቸው ግራው ከቀኙ ጋር ተደባልቆ ሊመጣ ይችላል። የኢኽላስ መሣሪያ ደግሞ የሚመዝን መሣሪያ ነው። ሁለቱን ቢያቀርቡለት አንድ ናቸው ብሎ ይመልሳል። ኅዳር ላይ የመለሰላት ይህንን ነበር፤ አልዋሸም፣ እሷም አልዋሸችም።

ለአለቃዋ ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ። ሽያጩ ባስቸኳይ እንዲቆም ለሚመለከታቸው ያኑ ዕለት ደወለ፤ እሷም ወደ ሥራ ገባች። ቀኝና ግራን ለመለየት ራሱ ቀኝና ግራ ያለው ነገር ያስፈልጋል። እሷ የመረጠችው ከስታርች የሚሠራ፣ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ አንድ የስኳር ዓይነት ነው። ቀለበቱ ወደ አንድ ወገን የዞረ ስለሆነ ቀኙ ሞለኪውል ሲገባበት በአንድ ዓይነት ይቀመጣል፣ ግራው ሲገባበት በሌላ። አብረው ወደ መሣሪያው ይገባሉ። እዚያ ከጋዝ ጋር ሲጋጩ አንዱ ቶሎ ይላቀቃል፣ ሌላው አጥብቆ ይይዛል። ክብደታቸው አሁንም እኩል ነው፤ አለቃቀቃቸው ግን እኩል አይደለም።

ንጹሑን ግራ ማግኘት አልቻለችም፤ አደንዛዥ ዕፅ ስለሆነ ፈቃዱ ረጅም ነው። የነበራት ንጹሑ ቀኝ ብቻ ነው። እሱን ለብቻው አሳለፈችው፣ ከዚያ ሽሮፑን አሳለፈች። መጀመሪያ ቀለበቱ አልያዘላትም፤ ፈሳሹን ቀየረች፣ የግጭቱን ጉልበት አሳነሰች። ሲሳካ ሁለቱ መስመሮች ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ወጡ። ንጹሑ ቀኝ በአንድ መንገድ ወረደ። ሽሮፑ በሌላ። ባልደረባዋ ደገመው። እሷም ደገመችው፤ የተለየ ውጤት ቢወጣ ደስ እንደሚላት እያወቀች ደገመችው። አልወጣም። ሽሮፑ ውስጥ ግራው ነበረ፣ ጥቂትም አልነበረም።

ግንቦት ላይ መንገዱ ሲከፈት ኢኽላስ በጎንደር በኩል በሚኒባስ ወረደች። መጀመሪያ የሄደችው አብዱልሀኪም ቤት ነው። መድኃኒት ቤቱን ማንም ሳያዛቸው ዘግተውታል። ሁሪያ ሳሎኑ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ኢኽላስ ስትስማት አልተነሳችም። ኢኽላስ ያገኘችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የመጀመሪያውም ውጤት የእሷ እንደነበር አልደበቀችም። አብዱልሀኪም እስከመጨረሻው አዳመጧት። ከዚያ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኮኪቷ ሴት ይህን ሰምታለች ወይ አሉ። አልሰማችም አለቻቸው። ኩፊያቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ተነሱ።

ውባንች ከየሻረግ ምግብ ቤት ጀርባ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ከስታ ስለነበር አብዱልሀኪም መጀመሪያ አላወቋትም፤ እሷ ግን አወቀቻቸው። ደንግጣ ተነሳች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ዱካ አቀረበችላቸው። ይቅርታ ልትጠይቃቸው የሚገባት መሰላት። እንዲታሰሩ ያደረግኩዎት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አለቻቸው። ሽማግሌው ዱካውን ይዘው ቆሙ።

ኢኽላስ ስሟን ተናገረች፣ ከየት እንደመጣች ነገረቻት። ከዚያ ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ ግራና ቀኟን አሳይታ፣ የምትችለውን ያህል አቅልላ አስረዳቻት። በመድኃኒቱ ውስጥ ሌላው፣ መጥፎው እንደነበረ ነገረቻት። መሣሪያው ሁለቱን መለየት እንዳልቻለ፣ ዘግይቶ እንደታወቀ ነገረቻት። ውባንች የኢኽላስን እጆች እያየች አዳመጠች።

«እኔ ሦስት ነው የሰጠኋት» አለች።

«በሦስቱ አይደለም። የእሳቸው የልጅ ልጅ የሞተው በአንድ ማንኪያ ነው።»

ውባንች ቀና ብላ አብዱልሀኪምን አየቻቸው። ገና አሁን ገባት። ሽማግሌው አዎ ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በእጄ ነው የሰጠሁት» አሉ። «አንቺን ለሰው ሁሉ ስከስሽ ከርሜ፣ በገዛ እጄ።»

ያን ጊዜ ነው ውባንች ያለቀሰችው፤ ለልጇ ይሁን ለእሳቸው አይለይም። የሻረግ ከጓዳ ወጥታ አቀፈቻት። ጥቂት ስትረጋጋ ግን ኢኽላስ ያልጠበቀችውን ተናገረች። ሦስቱን አስታውሳለሁ አለች። ሦስተኛውን ስሰጣት ዓይኗን ጨፍና ነበር፣ አንገቷን ደግፌ ነው ያጎረስኳት፤ ይታየኛል። ኢኽላስ ከመከራው በኋላ ሰው ያላደረገውን እንዳደረገ ሊያስብ እንደሚችል ልትነግራት ሞከረች፤ በሐኪም ቋንቋ የሚነገር ነገር ስለሆነ ግን ወደ ውባንች እንዴት እንደምታደርሰው አላወቀችም።

«እንግዲህ የትኛው ነው እውነቱ?» አለች ውባንች። «ያንን ቀን ከእኔ በላይ ያየው ሰው የለም። አሁን እኔም አላውቀውም። ልጄን ያጣሁበትን ቀን እንኳ አጣሁት።»

አብዱልሀኪም፣ ይርዳውም ይህን መስማት አለበት አሉ። የሻረግ እሱ የሚሠራበትን እርሻ አስተዳዳሪ ቁጥር ታውቅ ነበር። ሽንፋ ኔትወርክ እየመጣ እየሄደ ብዙ ሞከሩ፤ በመጨረሻ አስተዳዳሪው ሰው ልኮ ይርዳውን ከማሳ አስጠራው። ኢኽላስ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ አስረዳችው፤ ሁለቱን እጆች፣ ሚዛኑን፣ የኡመይርን ሞት። ከይርዳው በኩል ንፋስ ብቻ ይሰማል። መስመሩ ተቋረጠ ብለው ሲያስቡ ተናገረ።

«ታዲያ ሦስት ነው ያለችኝ ለምንድን ነው?»

ውባንች እዚያው አጠገብ ቆማ ነበር። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ስለጠየቅኸኝ ነው» አለች። «ስለማትተወኝ ነው።»

ኢኽላስ ስልኩን መዝጋት የእሷ ድርሻ እንዳልሆነ ተሰምቷት ያዘችው፤ ኔትወርኩ ራሱ ቆረጠው።

ይርዳው ከጥቂት ቀናት በኋላ መጣ። ኢኽላስ ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ ስለነበር የሆነውን የሰማችው ከአብዱልሀኪም ነው፤ ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ውባንችን እንደ ልጃቸው ይጠይቋት ነበር። ይርዳው በምግብ ቤቱ በር ቆሞ መግባት ፈርቶ ቆየ። ውባንች ወጥታ አብረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። የእፀገነት መቃብር ላይ ይርዳው ተንበርክኮ፣ ልጁ ስትቀበር ያላለቀሰውን አለቀሰ። ውባንች ከኋላው ቆማ ትከሻው ላይ እጇን አደረገች፤ ደግፋው ተነሳ። ቤታቸውን ከፍተው ገቡ፤ ጣራው በምስጥ ተበልቶ፣ ራኩባው ወድቆ ነበር። ይርዳው እጠግነዋለሁ አላት። የሽንፋውን ሥራ ትቼ እመጣለሁ፣ እንደ ድሮው እንሆናለን አላት። ማረኝም አላት።

ይቅር ብዬሃለሁ አለችው። ግን አብራው እንደማትኖር ነገረችው። ለምን ሲላት አልተቆጣችም። ዝም ባልክ ቁጥር ልትጠይቀኝ ነው የሚመስለኝ፣ አንተ ደግሞ ዝምተኛ ሰው ነህ አለችው።

ወደ መንደሯ ስትመለስ ሚኒባሱ እስከሚነሳበት ሸሕዲ ድረስ ተከትሏት ሄደ። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ጎጃም ነው መንገዷ። የዝናቡ የመጀመሪያ ደመና ያዘለ ቀን ነበር፤ መናኸሪያው ለክረምቱ አረም በወረዱ ሠራተኞች ተሞልቷል፤ የምትሄደው እሷ ብቻ ትመስላለች። ይርዳው ዕቃዋን ከጣራ አስጫነላት፣ ውኃና ብስኩት ገዝቶ በመስኮት ሰጣት። መኪናው እስኪሞላ ድረስ መስኮቱ ሥር ቆመ። ስለ አዝመራው፣ ስለ እናቷ ጤና ጥቂት ተነጋገሩ። መኪናው ሲነሳ ጥቂት አብሮ ተራመደ፣ ከዚያ ቆመ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ከውጭ አገር ላቦራቶሪ ማረጋገጫው መጣ። ግራው ከቀኙ ሲሦ በላይ ነበር። ኢኽላስ ለአለቃዋ አሳወቀች፣ ለአብዱልሀኪም ደወለች። እሳቸውም እንድትሰማ ስልኩን ለሁሪያ ሰጧት፤ ሁሪያ ግን ልጄን አይመልስልኝም ብላ ስልኩን ለአባቷ መለሰች። ከዚያ ኢኽላስ የየሻረግን ቁጥር ደወለች። የሻረግ ውባንች ከሄደች ወዲህ ድምፅዋን እንዳልሰማች፣ የመንደሯ አካባቢ ስልክ እንደማይሠራ ነገረቻት። ወደዚያ ሰው ሲሄድ መልእክት ልላክላት ወይ፣ ምን ልበላት አለቻት።

ኢኽላስ ምን እንደምትል አሰበች። የማረጋገጫውን ወረቀት አጠፈችው።

«ሰላም በያት» አለች።